ስለ ሙቅ ውሃ ማረፊያ አመራረጥ፦ የአቡ ዳቢ ባሕር ወይስ የአል ዐይን ፍል ውሃ?

የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና በተቃረበ ቁጥር በመካከላችን ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ዕረፍቱን የት እናሳልፍ?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ በየዓመቱ ሲያከራክር ይታያል። ከፊሉ አባል በአቡ ዳቢ የባሕር ዳርቻ ጃኩዚ ያለው ቤት ተከራይተን እንሰንብት ይላል፤ ከፊሉ ደግሞ በአል ዐይን፣ ከጀበል ሐፊት ተራራ ግርጌ ወዳለው ፍል ውሃ እንሂድ ይላል። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ የሚፈታው በማስታወቂያው ፎቶግራፍ ማማር ወይም ቀድሞ ገንዘብ ባዋጣው ሰው ፍላጎት እንጂ ጉዳዩን ከሥሩ በመመርመር አይደለም። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን አማራጮች ጎን ለጎን አስቀምጠን፣ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ሊጤኑ የሚገባቸውን ነጥቦች በቅደም ተከተል እንመለከታለን። ነጥቦቹ አራት ናቸው፤ ወቅቱ፣ ውሃው፣ ወጪውና ሰው። አራተኛው ከሁሉም የሚበልጥ መሆኑን ከወዲሁ ልናስታውቅ እንወዳለን።

ሀ) ስያሜውን ለማጥራት

በመጀመሪያ ደረጃ ጃኩዚና ፍል ውሃ አንድ አለመሆናቸውን መረዳት ያስፈልጋል። ጃኩዚ የቤተሰብ ስም ነው። ከኢጣልያ ወደ አሜሪካ ተሰደው በካሊፎርኒያ የሰፈሩት የጃኩዚ ወንድማማቾች በውሃ ፓምፕ ሥራ የታወቁ ነበሩ። ከመካከላቸው የአንዱ ልጅ በመገጣጠሚያ ሕመም ይሠቃይ ስለነበረ፣ በገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሆኖ ውሃውን እያናወጠ ሰውነቱን የሚያሽለት ፓምፕ ተሠራለት። እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ ከዚያው ቤተሰብ የተወለደው ሮይ ጃኩዚ ፓምፑን ከገንዳው ጋር አዋሕዶ ለገበያ አቀረበው። ዛሬ በየሆቴሉ የቅንጦት ምልክት ሆኖ የሚታየው ዕቃ መነሻው የአንድ ሕፃን ሕክምና ነበር ማለት ነው። አሠራሩም ግልጽ ነው፤ ገንዳው አንድ ጊዜ ይሞላል፣ ውሃው በመሣሪያ ይሞቃል፣ ከዚያም በማጣሪያ እያለፈ ያው ውሃ ተመልሶ ይመጣል።

ፍል ውሃ ግን ምድር ራሷ ያሞቀችው ነው። ወደ ጥልቅ ዐለት የሰረገ ውሃ በከርሠ ምድር ሙቀት ይግልና በስንጥቅ ወይም በተቆፈረ ጉድጓድ በኩል ይወጣል። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1886) እቴጌ ጣይቱ በፍንፍኔ ፍል ውሃ አጠገብ ቤት እንዲሠራ ካደረጉ በኋላ መሆኑን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው ነው። ሶደሬና ወንዶ ገነት፣ በደቡብ ጎንደር ደግሞ ዋንዛዬ የሚታወቁት በዚሁ በፍል ውሃቸው ነው።

አል ዐይንም ስሟን ያገኘችው ከውሃ ነው። በዐረብኛ «ዐይን» ማለት የሰው ዓይንም የውሃ ምንጭም ነው፤ በግእዙም ምንጭ «ዐይነ ማይ» ይባላልና ቃሉ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ከከተማው በስተ ደቡብ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጀበል ሐፊት ግርጌ፣ አረንጓዴው ሙበዘራ የሚባል ሥፍራ አለ። በዚህ አካባቢ ከሚገኙት ጉድጓዶች የሚወጣው ውሃ ሲለካ፣ እንደየጉድጓዱ ከ36 ዲግሪ ተነሥቶ 50 ዲግሪን የሚያልፍ ሆኖ ተገኝቷል። በሥፍራው የሣር መስክ፣ ሙቅ ውሃ የሚወርድበት ቦይ፣ ለወንዶችና ለሴቶች የተለያዩ መታጠቢያዎች፣ እንዲሁም የሚከራዩ የማረፊያ ቤቶች ተሠርተዋል።

እዚህ ላይ ለአዲስ መጤ ተማሪዎች አንድ ነገር መጠቆም ተገቢ ነው። አል ዐይን ከአቡ ዳቢ ከተማ ወደ ምሥራቅ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከዖማን ጠረፍ አጠገብ፣ በመሐል አገር የምትገኝ ከተማ ናት፤ ባሕር የላትም። ባሕሩን የሚፈልግ ሰው በአቡ ዳቢ መቆየት አለበት፤ ምድር ያሞቀችውን ውሃ የሚፈልግ ወደ አል ዐይን መሄድ አለበት። ሁለቱን በአንድ ማረፊያ እናገኛለን ብሎ መነሣት ገና ከጅምሩ የተሳሳተ ስሌት ነው።

ለ) ወቅቱ

በአዲስ አበባ ደጋማ አየር ሙቅ ውሃ ዓመቱን ሙሉ ይናፈቃል። በዚህ አገር ግን ተጨባጩ ሁኔታ ሌላ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ሌሊቱም ቢሆን ከ30 ዲግሪ ብዙ አይወርድም። የባሕረ ሰላጤው ውሃ ራሱ በእነዚህ ወራት እስከ 33 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይሞቃል። አየሩ በባሕሩ ዳርቻ እጅግ እርጥብ ስለሆነ ላብ ቶሎ አይደርቅም፤ ላብ ካልደረቀ ደግሞ ሰውነት ሙቀቱን የሚያስወጣበት መንገድ ይዘጋበታል። በእንዲህ ያለ ጊዜ 40 ዲግሪ በደረሰ ገንዳ ውስጥ መቀመጥ ዕረፍት አይደለም፤ ራስን ለሕመም ማጋለጥ ነው። በሙቀቱ ወራት ለጃኩዚ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍል ተማሪ ሊገባበት ለማይችለው ውሃ ከፈለ ማለት ነው።

ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ያለው ጊዜ ግን ለሙቅ ውሃ የተመቸ ነው። በጥር ወር ሌሊቱ ወደ 13 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ የባሕሩም ውሃ ከ20 ዲግሪ ብዙ ከፍ አይልም። ገናና ጥምቀት በዚሁ ወቅት መዋላቸው ለእኛ ተጨማሪ ዕድል ነው። ሆኖም በታኅሣሥ መጨረሻ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ስለሚዘጉ፣ በኅብረቱ ብሔራዊ በዓል ሰሞንም (ዲሴምበር 2 ቀን) ቤተሰብ ሁሉ ስለሚወጣ፣ ማረፊያው ይሞላል፣ ዋጋውም ይንራል። ከተቻለ በሳምንቱ መካከል ያሉትን ቀናት መምረጥ ይበጃል፤ ይህን ስንል ግን ወደ ኋላ የምንመለስበት አንድ ቁም ነገር እንዳለ መዘንጋት የለበትም።

ሐ) ውሃው

ብዙዎቻችን ቤቱን እንጂ ውሃውን አንመረምርም። ነገር ግን በጃኩዚ ጉዳይ ዋናው ጥያቄ ውሃው ነው። ለምን እንደሆነ በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። አንድ መካከለኛ ጃኩዚ 1,500 ሊትር ያህል ይይዛል እንበል። አራት ሰዎች ቢገቡበት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 375 ሊትር ነው። ርዝመቱ 25 ሜትር፣ ስፋቱ 12.5 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር የሆነ የመዋኛ ገንዳ 470,000 ሊትር ገደማ ይይዛል። በዚህ ገንዳ ውስጥ የጃኩዚውን ያህል መጨናነቅ እንዲኖር ቢፈለግ ከ1,200 በላይ ሰዎች ባንድ ጊዜ መግባት ነበረባቸው። ላቡ፣ ቅባቱና የሰውነቱ ቆሻሻ ሁሉ በዚያች ጥቂት ውሃ ውስጥ ይቀራል፤ ከዚህም ላይ ሙቀቱ ክሎሪኑን ቶሎ ይጨርሰዋል።

ክሎሪኑ ሲያልቅ ምን ይከተላል? ሌጂዮኔላ የሚባለው ተሕዋስ ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ውሃ በደንብ ይራባል፤ ይህም በትክክል የጃኩዚ ሙቀት ነው። የሚያስከትለው በሽታ ከባድ የሳምባ ምች ነው። የሚተላለፈውም ውሃው ሲናወጥ በሚነሣው ረቂቅ ጉም አማካይነት ስለሆነ ገንዳው ውስጥ መግባት እንኳን አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1999 በኔዘርላንድስ በተደረገ የአበባ ትርኢት ላይ ለእይታ ብቻ ከቀረበ ጃኩዚ በተነሣ ጉም ብዙ ጎብኚዎች ታመው ከ30 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። ከዚህ ቀለል ያለው ጉዳት ደግሞ ቆዳን የሚያሳክክ ሽፍታ ነው።

ይህን ሁሉ የምንጠቅሰው ሰውን ለማስፈራራት አይደለም፤ መከላከያው ቀላል ስለሆነ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚመክረው በሙቅ ገንዳ ውስጥ በአንድ ሊትር ውሃ ቢያንስ 3 ሚሊግራም ክሎሪን መኖር አለበት፤ ፒኤች የሚባለው የአሲድነት መለኪያም ከ7.0 እስከ 7.8 መሆን አለበት። ሁለቱንም ቀለሙን በሚለውጥ የመመርመሪያ ወረቀት በአንድ ደቂቃ ማወቅ ይቻላል። ወረቀቱ የመዋኛ ገንዳ ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ ይገኛል፤ አንድ እሽግ ለማኅበሩ በሙሉ ይበቃል። ወረቀት ባይኖር እንኳን ዓይንና አፍንጫ ይረዳሉ። የገንዳው ወለል በግልጽ የማይታይ ከሆነ፣ ግድግዳው ሲዳሰስ ካሟለጨ፣ ውሃው አረፋ ካወጣ አለመግባት ነው። ኃይለኛ የክሎሪን ሽታም ብዙዎች እንደሚያምኑት የንጽሕና ምልክት አይደለም፤ ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ተዋሕዶ ኃይሉን እንዳጣ የሚያስታውቅ ነው።

የፍል ውሃው ነገር ደግሞ የራሱ ጥንቃቄ አለው። ውሃው ሳይቋረጥ የሚፈስ ከሆነ እየታደሰ ስለሚሄድ ከዚህ አንጻር የተሻለ ነው። ይሁን እንጂ 50 ዲግሪ የደረሰ ውሃ ቆዳን ያቃጥላል፤ ስለዚህ ከመውጫው አጠገብ ሳይሆን በረድ ካለበት ሥፍራ፣ እጅን አስቀድሞ ነክሮ መግባት ያስፈልጋል። ጭንቅላትን ማጥለቅም አይገባም፤ በተፈጥሮ ሙቅ ውሃ ውስጥ በአፍንጫ ገብቶ አንጎልን የሚጎዳ ረቂቅ ተሕዋስ ሊኖር ይችላልና። ሕመሙ እጅግ ብርቅ ቢሆንም መድኃኒቱ አስቸጋሪ ነው።

ለሁለቱም የሚሠራው ደንብ አጭር ነው። ውሃው ከ40 ዲግሪ አይለፍ፤ ቆይታው ከ15 ደቂቃ አይብለጥ። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመምተኛ ሐኪም ሳያማክር አይግባ፤ ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን አይግባ። መጠጥ የጠጣ ሰው ከገንዳው ይራቅ። በገና ጾምም ሆነ በረመዳን የሚጾም ወንድም ወይም እኅት ሳይበሉ ሳይጠጡ በሙቅ ውሃ ውስጥ ቢቆዩ ራሳቸውን ሊስቱ ስለሚችሉ እስከ ማፍጠሪያው ሰዓት መታገሥ ይሻላል።

መ) ወጪው

ማስታወቂያው የሚናገረው የአንድ ሌሊት ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በዚህ አገር 5 ከመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፈላል፤ ሆቴሎች የአገልግሎትና የቱሪዝም ክፍያ ይጨምራሉ፤ የግል ቤት አከራዮች ደግሞ የጽዳትና የመያዣ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ስለዚህ የሚጠየቀው «ሁሉም ተጨምሮ ስንት ነው?» ተብሎ ነው። ድምሩ ለሰው ቁጥር ከተካፈለ በኋላ የመጓጓዣው ሒሳብ ይታከላል። በአቡ ዳቢ ለሚኖር ተማሪ የባሕሩ ዳርቻ በከተማ አውቶቡስ የሚደረስበት ነው። ወደ አል ዐይን የሚሄድ ከአቡ ዳቢ ዋና አውቶቡስ ጣቢያ ይሣፈራል፤ አል ዐይን ከደረሰ በኋላም እስከ ተራራው ግርጌ ድረስ ሌላ መጓጓዣ ያስፈልገዋል።

ከጃኩዚ ጋር የተያያዘ አንድ የተሠወረ ወጪም አለ፤ እሱም ጊዜ ነው። 1,500 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 38 ዲግሪ ለማድረስ ወደ 31 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይፈጃል። ማሞቂያው 3 ኪሎ ዋት ከሆነ ከአሥር ሰዓት በላይ መሥራት አለበት ማለት ነው። ከቀትር በኋላ ቁልፍ ተቀብሎ ለአንድ ሌሊት የሚያድር ተማሪ ገንዳው አስቀድሞ ካልሞቀ የሚታጠበው ሊወጣ ሲል ነው። እንግዲህ «ጃኩዚ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «ስንደርስ ሞቆ ይጠብቀናል ወይ? ውሃው መቼ ተለወጠ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ሠ) ሰው

ከላይ የዘረዘርናቸው ነጥቦች ሁሉ ተሟልተው አንድ ማረፊያ ግን ለእኛ የማይሆን ሊሆን ይችላል። ለምን ቢባል፣ በዚህ አገር ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መካከል ተማሪው ጥቂቱ ነው፤ ብዙዎቹ ሠራተኞች ናቸው፤ ከእነሱም ውስጥ በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን እጅግ ብዙ ናቸው። ከመካከላችን እኅት፣ የአክስት ልጅ፣ ወይም የሰፈር ልጅ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራበት ተማሪ ጥቂት አይደለም። የዕረፍት ጊዜ ሲመጣ ለመገናኘት የምንፈልገውም እነሱን ነው፤ ባሕሩ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ስለ ቤት ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የፌዴራል ሕግ ቁጥር 10፣ በኋላም እሱን የተካው የ2022ቱ ድንጋጌ ቁጥር 9፣ ሠራተኛዋ በሳምንት አንድ ቀን ከነደመወዟ እንድታርፍ ይደነግጋል። በዕረፍቷ ቀን ብትሠራ ምትክ ቀን ወይም ክፍያ ይገባታል። የመታወቂያ ሰነዶቿም በራሷ እጅ የመቆየት መብት አላቸው። ይሁን እንጂ ቀኑ በየቤቱ ይለያያል። እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ቅዳሜና እሑድን የሚያርፉ በመሆናቸው፣ እነዚያ ቀናት በብዙ ቤት እንግዳ የሚመጣባቸውና ሥራ የሚበዛባቸው ናቸው። ስለዚህ እኛ አስቀድመን ቤት ተከራይተን «ቅዳሜ ነይ» ብንላት፣ መምጣት አለመቻሏን ነግራን ከማዘን በቀር ምርጫ አይኖራትም። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፤ በመጀመሪያ የእሷ ቀን ይጠየቃል፣ ከዚያ በኋላ ማረፊያ ይፈለጋል። ከላይ በሳምንቱ መካከል መሄድ ይረክሳል ስንል ወደ ኋላ እንመለስበታለን ያልነው ቁም ነገር ይህ ነው።

ቀኗም አጭር ቀን ነው። ጧት ወጥታ ማታ መመለስ ያለባት እኅት ማደር አትችልም፤ ወደ ሩቅ ሥፍራ ብንጠራት ቀኗ በመንገድ ያልቃል። ሁሉም ዘመድ በአቡ ዳቢ ከተማ ካለ የኮርኒሹ ዳርቻ ይመረጣል። ከፊሉ በዱባይ፣ ከፊሉ በአቡ ዳቢ ከሆነ ግን አል ዐይን ከሁለቱም ከተሞች በመኪና ሁለት ሰዓት ወይም ከዚያ ያነሰ ጉዞ ስለሆነች የመገናኛ ሥፍራ ልትሆን ትችላለች። በሙበዘራ በቦዩ ዳር ተቀምጦ እግርን በሙቅ ውሃ ነክሮ መጫወት ክፍል መከራየትን አይጠይቅም፤ ለሴቶች የተለየ መታጠቢያ መኖሩም ብዙ እኅቶቻችን የሚመርጡት ነው። በአንጻሩ ጃኩዚ ያላቸው የግል ቤቶች «ከተመዘገበ አዳሪ በስተቀር እንግዳ ክልክል ነው» የሚል ደንብ ያላቸው ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለው ቤት ውሃው ምንም ቢጠራ፣ በሩ ለእኅታችን የተዘጋ ስለሆነ ለእኛ ዓላማ አይሆንም።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ወጥ ስትሠራና የሰው ልብስ ስትተኩስ የሰነበተች እኅት በዕረፍቷ ቀን መጥታ «የአንቺን የመሰለ ዶሮ ወጥ የለም» ተብላ ማድ ቤት የምትገባ ከሆነ፣ ቀኑ የእኛ ዕረፍት እንጂ የእሷ አይደለም። በዚያ ቀን ሽንኩርቱን የምንከትፈው፣ ሳህኑን የምናጥበው፣ ቡናውንም የምናፈላው እኛ ተማሪዎቹ መሆን አለብን። ወጡ ቢያርም ጉዳት የለውም።

ረ) ከመከራየት በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከላይ ያተትነውን ለሥራ እንዲያመች ባጭሩ እናስቀምጣለን።

1ኛ. የሚመጡት እነማን ናቸው? ቀናቸውና የመመለሻ ሰዓታቸውስ?
2ኛ. ለቀን የሚመጣ እንግዳ ይፈቀዳል? የሚጠየቀው መታወቂያ የትኛው ነው?
3ኛ. መታጠቢያው በዚያን ቀን ክፍት ነው? (ለጥገና የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ፣ ከመነሣት በፊት ደውሎ ማረጋገጥ።) የወንዶችና የሴቶች ሥፍራ ወይም ሰዓት የተለየ ነው?
4ኛ. ጃኩዚ ከሆነ፣ ውሃው መቼ ተለወጠ? ክሎሪኑን ማን ይለካል? ስንደርስ ይሞቃል?
5ኛ. ታክሱ፣ የአገልግሎቱ፣ የጽዳቱና የመያዣው ክፍያ ሁሉ ተጨምሮ ስንት ነው? መያዣው መቼ ይመለሳል?
6ኛ. ከሰል ማቀጣጠልና ዕጣን ማጨስ ይፈቀዳል? (ብዙ ክፍሎች የጭስ ማስጠንቀቂያ ስላላቸው የቡናው ሥርዓት በግቢው እንዲሆን አስቀድሞ መስማማት ይሻላል።)
7ኛ. ባሕር ከሆነ፣ ነፍስ አድን ጠባቂ እስከ ስንት ሰዓት ይቆያል? ቀይ ባንዲራ በተሰቀለበት ጊዜ ማንም ወደ ባሕሩ መግባት የለበትም።

ከሁሉም ነጥቦች ተነሥተን ሐሳባችንን ስናጠቃልል፣ በሙቀቱ ወራት ጃኩዚ መከራየት ገንዘብ ማባከን ነው። በብርዱ ወራት፣ ሁሉም ተጓዥ ተማሪ ከሆነና ውሃው ከተመረመረ፣ የባሕር ዳርቻው ጃኩዚ ያለው ቤት የሚነቀፍ አይደለም። ከዘመድ ጋር ለመገናኘት ከሆነ ግን በሩ ክፍት የሆነውንና ሁሉም ሊደርስበት የሚችለውን ውሃ እንመርጣለን። በአገራችን ፍል ውሃ ባለጸጋውም ድኻውም በየተራው ሲታጠብ የኖረበት ሥፍራ ነው፤ ዕረፍትም ቢሆን እንደዚያው የጋራ ሲሆን ያምራል። ለሚመጣው ዕረፍት ዝግጅት የጀመሩ አባላት፣ ከማስታወቂያው በፊት ስልካቸውን አንሥተው «ቀንሽ መቼ ነው?» ብለው እንዲጠይቁ እናሳስባለን።